ሌባው እስኪመጣ

መጋቢት 5 ቀን 2008፣ ሰኞ። ደባርቅ

ሌባ ተባልኩ።

ጠዋት ስብሰባ አለ ተብለን ስንገባ አለቃችን ኢንጂነር ደርቤ የቮልት መለኪያውን ቴስተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ዓርብ ዕለት ዋልካ ቆላ ወርዶ ነበር። የጤና ኬላው ፍሪጅ ሞቆ የሕፃናቱ ክትባት በሙሉ ተበላሽቷል። ፍሪጁ የሚሠራው በሶላር ነው። ሶላሩን ጣሪያው ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥር ላይ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሳለ፣ ሁላችንም ቆመን ስንለካው ሃያ አንድ ቮልት ተኩል ሰጥቶ ነበር። ዓርብ ዕለት ቀትር ላይ ጣሪያው ላይ ሲለካው ግን አሥራ ሰባት ተኩል ብቻ።

«አንድ ሶላር ሁለት ቁጥር አይሰጥም» አለ። «ዋልካ ቆላ ደግሞ ፀሐይ የሞላበት አገር ነው። መብለጥ ሲገባው ያነሰው፣ ሶላሩ ያ ሶላር ስላልሆነ ነው። አዲሱ ወርዶ አሮጌ ተሰቅሏል። የሰቀለው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ሙቀቱ ነው አልኩ። ሶላር ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይህ የታወቀ ነገር ነው አልኩ። ሳቀ። «ልጄ፣ ፀሐይ ምን መሰለሽ? በረዶ?» ቤቱ ሁሉ ተከትሎት ሳቀ። አብሮኝ የሚሠራው የሺዋስ ብቻ አልሳቀም። ጫማውን እያየ ነበር። አዝኖልኝ ነው።

ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዚያ ሳልናገር የቀረሁትን እዚህ ልጻፈው።

ሶላር ብርሃኑን ነው የሚፈልገው፣ ሙቀቱን አይፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ። አምፖሉን ሳንነካ፣ ብርሃኑ እንዳለ ሆኖ፣ ከሥሩ ብቻ ስናሞቀው ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ይወርድ ነበር። አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ከጉልበቱ ዜሮ ነጥብ አምስት በመቶ ያህሉ ይሄዳል። ደባርቅ ላይ ይህን ማንም አያስተውለውም። እዚህ የስሜን ነፋስ ቀኑን ሙሉ ሲያበርደው ይውላል። ዋልካ ቆላ ግን ከሊማሊሞ ሥር ነው። እዚያ በቀትር ቆርቆሮ ላይ እጅ አይደገፍም።

ነገሩ የተበላሸው ዳባት ላይ ነው። አምና አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ነፋስ ሶላሩን ከነብረት እግሩ ነቅሎ ጣለው። ከዚያ ወዲህ ኢንጂነሩ «ከእንግዲህ እግር የሚባል የለም፣ ሁሉም ከቆርቆሮው ጋር ይጣበቅ» አለ። ለደጋው ይሁን። ዋልካ ቆላ ስንሠራ ግን አንድ ስንዝር እናንሣው፣ ነፋስ በሥሩ ይለፍ ብዬ ነበር። «የዳባቱን ረሳሽው? አጣብቂው» አለኝ። መሰላሉን የያዘው የሺዋስ ነበር። ሰምቷል። ሲጠየቅ ይናገራል።

አጣብቄ ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። ብሎኑ በእጄ ነበር። እምቢ ማለት እችል ነበር።

እስከ ጾሙ ድረስ እንደ ምንም ሠርቷል። ጾሙ ሲገባ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ሆነ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡትም ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስለዚህ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ በለጠች ክትባቱን ከጠዋት ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዞረችው። ፍሪጁ የሚከፈት የሚዘጋው አገር በሚቃጠልበት፣ ሶላሩም በሚደክምበት ሰዓት ሆነ።

አስቀድሜም ጠርጥሬ ነበር። የቅበላ ዕለት ማታ፣ በለጠች መብራቱ ደከመ ስላለችኝ ወርጄ፣ ቆርቆሮው እስኪበርድ ጠብቄ ወጣሁ። ዘበኛው አያ ገዱ መሰላሉን ያዙልኝ። ብሎኑን ልፈታ መፍቻ አግብቼ ተውኩት። ትዕዛዝ ፈራሁ። በማግስቱ ለየሺዋስ ስነግረው «ደግ አደረግሽ፣ ሳይነግሩሽ አትንኪ» አለኝ።

ከሶላሩ ጀርባ ቁጥር ተለጥፏል። ሲገባ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። መመዝገብ የነበረበት የሺዋስ ነው። ሥራ በዝቶበት ረስቶታል።

መጋቢት 7፣ ረቡዕ

የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ምርመራው እስኪያልቅ አትምጪ ተባልኩ።

ወፍጮ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ፣ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ስለ እኔ ያወራሉ። የእማዬን ስም ጠርተው፣ የጤናዬ ልጅ የሕፃናቱን ሶላር ሸጣ በላች አሉ። አንዷ «ተምራ ተምራ?» አለች። ሌላዋ «ለዚያ አይደል የተማረችው» ብላ ሳቀች። ዞሬ አየኋቸው። እህሉን ትቼ ወጣሁ።

እማዬ ምንም ሳትጠይቀኝ ሁለት ቀን ቆየች። ዛሬ ማታ እህል ስትለቅም ቀና ሳትል፣ «ሠርኬ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ቸግሮሽ ነው?» አለችኝ።

ከኢንጂነሩ ስድብ ይህ በለጠ። የወለደችኝ እናቴ።

መጋቢት 10፣ ቅዳሜ

የሺዋስ ዛሬ ወደ ዋልካ ቆላ ወረደ። «ሰው በአንቺ ላይ ተቆጥቷል፣ አነጋግሬ ላብርድልሽ» አለኝ። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ኢንጂነሩ ሰጠው። እኔ እስክመለስ በእኔ ቦታ እሱ ይሠራል። ለጊዜው ነው ብሎኛል።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ያለው ጥምቀት ላይ ነበር። ዛሬ ስለዚያ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ይህን ማሰብ ያሳፍራል።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ። ዋልካ ቆላ

በአይሱዙ ወረድኩ። ማንም አልላከኝም።

በለጠች ባዶ ፍሪጅ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። ክትባቱ ሲሞቅ የሚለወጠው የብልቃጦቹ ምልክት እንዴት እንደጠቆረ ነገረችኝ። እናቶቹ እየመጡ መቼ ነው ይሏታል። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሶላሩን በመዳፌ ነካሁት፣ ተላጥኩ። አሁንም እየነደደኝ ነው የምጽፈው።

አያ ገዱ ጥላ ሥር ውኃ ሰጡኝና ሰኞ አውጫጭኝ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ሶላሩን የቀየረው ሌባ እስኪወጣ አገሩ በሙሉ ይቀመጣል። ለእኔም ጥሪ አለ።

«ሌባ ከሌለስ፣ አያ ገዱ?»

«ሌባ ከሌለማ አንነሣም» አሉ።

መጋቢት 26፣ ሰኞ። ዋልካ ቆላ

ደንዝዣለሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ሾላው ሥር፣ አገሩ ሁሉ እህል ሳይቀምስ ተቀመጠ። የቀረ ይቀጣል። ሦስት ሽማግሌዎች ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ሄዶ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። አየሁ አይልም፣ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ክልክል ነው። እኔ ሌባ የሌለበት ስርቆት ምን ሊወጣው ነው ብዬ በልቤ እስቅ ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንደኛው ሽማግሌ አያ ቢራራ ተነሡ።

«ወፍ እንዲህ ብላለች። በቅበላ ማታ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከደባርቅ የመጣችው ሴት ጣሪያው ላይ ወጥታለች። መፍቻ ይዛለች። መሰላሉን የያዘላት ገዱ ነው።»

አንድ ውሸት የለበትም። ያደረቀኝ እሱ ነው። ወጥቻለሁ፣ መፍቻ ይዣለሁ፣ መሰላሉን ይዘዋል። ተነሥቼ ጮህኩ። ሙቀት አልኩ፣ ቮልት አልኩ፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም። «ሳትጠየቂ አትናገሪ» ብለው አስቀመጡኝ።

አያ ገዱ መስቀል መትተው እንዲምሉ ተጠየቁ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «በጾም አልምልም። አባቴም በጾም አልማለም» አሉ። ያልማለ ያመነ ነው ተባለ። እስከ ፋሲካ አዲሱን ሶላር ካልመለሱ ከእኔ ጋር ለፖሊስ ይሰጣሉ። እስከዚያ ማንም እሳት እንዳይጫጫራቸው።

ጎረቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ የነበረው ብድግ ብሎ ራቅ አለ። አየሁት።

ማን ነው ያየን? ያን ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሥጋ ሲበላ ነበር። ጤና ኬላው ደግሞ ከመንደሩ ይርቃል። በለጠች ናት። ክትባቱ በእጇ ስለተበላሸ ፈርታ ነው። ሌላ ማን ይሆናል?

መጋቢት 27፣ ማክሰኞ

ቄስ ሀብተ ሚካኤል የአያ ገዱ የንስሐ አባት ናቸው። ሳይነጋ ሄጄ ደጃቸው ቆምኩ። ሶላሩ ያው ሶላር መሆኑን በዓይንዎ እንዲያዩ ነው፣ አብረውኝ ደባርቅ ድረስ ይምጡ፣ ከእጅዎ አይለቀቅ አልኳቸው። ከዚያ «ገዱን በሕማማት ማሰር ነውር ነው፤ እመጣለሁ» አሉ። አያ ቢራራም ሊጠብቁኝ ይመጣሉ። ቄሱን አታልላለሁ ብለው ሠግተዋል።

በለጠች ሳልጠይቃት በሩን ከፍታ መሰላሉን አወጣች። አላመሰገንኳትም።

መጋቢት 28፣ ረቡዕ። ሊማሊሞ አናት ላይ

ቸኩያለሁ፣ አይሱዙው ውኃ እየጠጣ ነው።

ሳንፈታው ጣሪያው ላይ 17.5። ቄሱ ራሳቸው አዩት። ጭነቱ ላይ ፊቱን ለፀሐይ አድርገን ይዘነው ወጣን። የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ 18.7። እኩሌታው ላይ 19.8። ነፋሱ ቀዘቀዘ። አሁን 21.2።

አያ ቢራራ ቴስተሩን ከእጄ ወስደው እየነቀነቁ አዩት። «እየወጣን ነው፣ እሱም እየወጣ ነው» አሉ ቄሱ። አያ ቢራራም «ይኼማ እንደ ደገኛ ነው። ቆላ ሲወርድ ይታመማል» አሉ።

አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ አድርጌ መናገር አልቻልኩም።

መጋቢት 29፣ ኀሙስ። ደባርቅ

ከየት ልጀምር።

ቄሱ ሌሊቱን ሶላሩን አጠገባቸው አድርገው አደሩ። በአራት ሰዓት ግቢው ውስጥ አቆምነው። ሃያ አንድ ተኩል፣ ያው የጥር ወር ቁጥር። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ ከበበን። አሁን ያበቃል አልኩ።

ኢንጂነሩ ቁጥሩን አየ፣ ፈገግ አለ። «ጎሽ! ይኼ የኛ ሶላር ነው። የተሰረቀው ተመልሷል። ፈርታ መለሰችው።»

ቄሱ ከእጄ አልወጣም አሉት። «አባ፣ እርስዎ ቅን ሰው ነዎት፤ ተታለዋል» አላቸው።

ለሰው ማስረጃ ሲሰጠው ማስረጃውን እንደገና ስርቆት ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ወደ የሺዋስ ዞርኩ። እሱ ጥግ ላይ የመጋዘኔን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ቄሱም ዓይኔን ተከትለው ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ቆላ ላይ ከቆርቆሮው ጋር ይጣበቅ ያለው ማን ነው? ነበርክ አሉ።»

«አላስታውስም፣ አባ» አለ።

አላስታውስም። መሰላሉን ይዞ።

ያኔ ንዴቴ ሁሉ ቀዘቀዘ። ሶላሩን አንሥቼ የጄኔሬተሩ ቤት ላይ ወሰድኩት። ዝቅ ያለች ናት፣ ግንቡ ነፋስ ይከለክላታል። ቆርቆሮው ላይ አጋደምኩት። ልክ ኢንጂነሩ እንዳዘዘው አጣበቅኩት፣ ዙሪያውን ማዳበሪያ ጆንያ ጠቀጠቅሁበት። ቴስተሩን አያ ቢራራ እጅ ላይ አደረግሁ።

«ተቀመጡ» አልኩ። «ሌባው እስኪመጣ አንነሣም።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። ኢንጂነሩ «ሥራ ፈቶች» እያለ ቢሮው ገብቶ በመስኮት ያያል። ቄሱ ግን መሬት ላይ ተቀመጡ። ቄስ መሬት ላይ ተቀምጦ ማን ይቆማል? ተቀመጡ። ባለጉዳይም ተቀመጠ። አያ ቢራራ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠሩ ጀመር። ሃያ አንድ። ሃያ ተኩል። ሃያ። ፀሐይዋ እየበረታች ትሄዳለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ማንም አልነካውም። አሥራ ዘጠኝ ተኩል ሲሉ ጸሐፊዋ ተነሥታ መጥታ ራሷ አየች። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስምንት ተኩል ሲደርስ ሌሎቹም ተነሥተው ቴስተሩን ከበቡ።

ጆንያውን ነቅዬ ሶላሩን ወደ ነፋሱ አወጣሁት። እየበረደ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ።

ቄሱ ብድግ ብለው መስኮቱን አዩ። ኢንጂነሩ ስልክ መጣልኝ ብሎ በኋላ በር ወጥቷል።

ሚያዝያ 4፣ ማክሰኞ

ለቆላ ጣቢያዎች መመሪያ ወጣ። ከእንግዲህ ሶላር ከቆርቆሮ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በጠንካራ እግር ይታሰር ይላል። በኢንጂነር ደርቤ ጥናትና በየሺዋስ ረዳትነት የተገኘ ነው ተባለ። የእኔ ኮንትራት አልቋል፣ አይታደስም።

ቢሮ ሄጄ ለምን ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳቸው። ሁለቴም ያንኑ ነገሩኝ።

እማዬ ይህን ሰማች። ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ሴቶቹ መሃል ቆማ ልጄ እውነት ተናግራ ነው ያባረሯት ብላ ጮኻ መጣች። ዱቄቱን ረስታው።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ። ዋልካ ቆላ

መመሪያውን እስኪያደርሱት አልጠበቅሁም። የብረት እግሩን ብየዳ ቤት አሠርቼ፣ ቄሱ ይዘውት የተመለሱትን ሶላር ልሰቅል ወረድኩ። አያ ገዱ መሰላሉን ያዙልኝ። ቀትር ላይ ከሥሩ እጄን ሰደድኩ፣ ነፋስ ያልፋል። 19.1። እንደ ደባርቅ አይሆንም፣ ለፍሪጁ ግን ይበቃዋል።

ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተሰብስበው አውጫጭኙን ዘጉ። አያ ቢራራ ቆመው፣ ሌባው ተገኝቷል፣ ሙቀት ነው፣ ሰው ንጹሕ ነው አሉ። ሰዉም ተነሥቶ አያ ገዱን እየሳመ ሄደ። እሳቸው ግን አልተነሡም።

«ስሜን የጠራችው ወፍ ማን ናት?» አሉ።

አይጠየቅም አሏቸው። አውቃለሁ፣ ግን ማን ናት አሉ።

ማታ በለጠችን ያለ ይሉኝታ ጠየቅኳት። አፍጥጣ አየችኝ። ያን ማታ ደባርቅ ነበርኩ፣ ወንድሜ ጋ ቅበላ ልበላ ሄጄ፣ ቁልፉን እንኳ ለአያ ገዱ ሰጥቼ፣ አታስታውሺም? አለችኝ።

አስታወስኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት። አይዞሽ ብላ እጄን ያዘችው፣ የተላጠውን።

ያን ማታ ያየን አልነበረም። እኔ ነኝ በማግስቱ የተናገርኩት። ለማን

ሚያዝያ 30፣ እሑድ፣ ዳግም ትንሣኤ። ደባርቅ

ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች እማዬ ቤት መጡ። ነጭ ለብሰዋል። እማዬ ደንግጣ መቀመጫ ፈለገች። የመጡት ለየሺዋስ ነው። ቋሚ ሆኗል፣ ደመወዙ አድጓል፣ የተፈጠረው ሁሉ የሥራ ጉዳይ ነው፣ ልጅቱንም ይወዳታል አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እንዴት ሰው እንደዚህ ይደፍራል አልኩ በልቤ።

እማዬ «ልጄን ልጠይቅ» አለች። ቀጠሮ ልትሰጣቸው ነው። እንዲያ ነው ወጉ።

ወጣሁ። ሴት ልጅ እንዲህ አትወጣም፣ አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«አባቶቼ፣ ቀጠሮ አያስፈልግም» አልኩ። «ዋልካ ቆላ አንድ ዘበኛ አለ፣ ገዱ ይባላሉ። በቅበላ ማታ መሰላል መያዛቸውን ለአገሩ ያወራሁት እኔ አይደለሁም ብሎ፣ የሺዋስ ወርዶ ፊታቸው ይማል። ከማለ እንነጋገራለን። ጾሙ ወጥቷል።»

ዘንጎቻቸውን አንሥተው ወጡ። እማዬ እስከ በሩ ሸኘቻቸውና ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ገልብጣ መዳፌን አየችው። አዲስ ቆዳ አውጥቷል።

የሊማሊሞ መንገድ ክፍት ነው። መኪና በየሰዓቱ ይወርዳል።